የቀመስኩበት ማንኪያ

ኦክላንድ፣ ጥቅምት 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለኢየሩስ፣

ጀርመን ብርዱ ከገባ ካፖርትሽን ልበሺ። ብቆጣሽም እናትሽ ነኝ።

የአባትሽን አርባ ትናንት አወጣን። ወንድምሽ ደግነት ከሳን ሆዜ መጥቶ ዳቦውን ቆረሰ። «ኢየሩስስ?» ሲሉኝ «ወረቀቷ አላለቀም» አልኩ። ለቀብሩም ይህንኑ ነበር ያልኩት።

ስትሮክ ከመታው ወዲህ ቀጭን መጠጥ ትን እንደሚለው ታውቂያለሽ። ሻዩን ሐኪሙ ባዘዘው በዚያ በስታርች ዱቄት አወፍርለት ነበር። ቀልዱን አልተወም። «ሃምሳ ዓመት የጨቀጨቅሽኝ ሴት መርዝ ብትጨምሪበትስ? መጀመሪያ ቅመሺው» ይለኛል። «መርዝማ ውድ ነው» እለዋለሁ። እቀምስና ማንኪያውን እዚያው ኩባያ ውስጥ እመልሳለሁ። አንዱን ኩባያ አንድ ሰዓት ሙሉ ነበር የሚጠጣው።

ስለ ዱቄቱ የጻፍሽልኝ ደብዳቤ ሁለት ገጽ ነው። የመጀመሪያው ገጽ መጨረሻ ላይ «እማዬ፣ የቀመስሽበትን ማንኪያ አትመልሺው፤ ምክንያቱ በሚቀጥለው ገጽ አለ» ይላል። በሃምሳ ስምንት ዓመቴ ፊደል የቆጠርኩት ልጄ ምራቄን መጸየፏን ላነብ ኖሯል ብዬ አጠፍኩት።

ሁለተኛውን ገጽ የገለጥኩት ትናንት ነው፣ እንግዳው ሁሉ ከሄደ በኋላ። ውሃ ቢያማስሉትም ቢተዉትም ያው ውሃ ነው፤ የወፈረ ሻይ ግን ሲያማስሉት ይቀጥናል፣ ሲተዉት ተመልሶ ይወፍራል ብለሻል። ይህንንም እዚያ በሥራሽ በቀመር እንደምታሰዪው ጽፈሻል። ከታች ደግሞ «ምራቅ ከገባበት ቀመሬ አይሠራም። ስታርቹን ይፈታዋል፤ ተመልሶ አይወፍርም» ይላል።

ተነሥቼ ሁለት ኩባያ አወፈርኩ። አንዱን ቀምሼ ማንኪያውን መለስኩበት። ቁጭ ብዬ ጠበቅሁ። ያልተቀመሰው ማንኪያው ላይ ረግቶ ቀረ። የእኔው እንደ ውሃ ፈሰሰ።

ሆስፒታል «ፈሳሽ ሳንባው ገብቷል፤ ዱቄቱን እንደታዘዙት አድርገው ነበር?» ብላ አስተርጓሚዋ ስትጠይቀኝ «አዎ» አልኩ። ያን ጊዜ እውነት መስሎኝ ነው። አንቺ ግን ኮል አድርገሽ «ደብዳቤውን እስከ መጨረሻው አነበብሽው?» ስትይኝም «አዎ» ብዬሽ ነበር።

አሁን ኮል አታድርጊልኝ። ድምፅሽን አልችለውም።

ልጅ ሳለሽ ትምህርት ቤት ስትሄጂ እናትሽ መዳፍሽ ላይ እንትፍ እንትፍ ብላ ትመርቅሽ ነበር። ዛሬ ምርቃቴን በወረቀት ተቀበይ፤ ከአፌ የወጣ ነገር አይንካሽ።

እናትሽ
የወርቅውሃ