በየካቲት የተነሳው ደን

ውድ ትግሉ፣

«ውድ» ያልኩህ ሦስት ዓመት አንድ ቢሮና አንድ ምሳ ስለተካፈልን ነው እንጂ ዛሬ ከልቤ ወጥቶ አይደለም። ሀዋሳ ያለው አዲሱ ወንበር እንደተመቸህ ሰምቻለሁ። ያን ወንበር ያሰጠህ ካርታ እዚህ አንድ ሽማግሌን ሌባ አስብሏል።

ጋሽ ባዳቾን አትረሳቸውም። ከተበላ ከተማ በላይ ያለውን የተከለለ ተራራ አሥራ ስድስት ዓመት የጠበቁት፣ የጠባቂዎቹ ማኅበር ሊቀመንበር። የካቲት ላይ ድሮኑን ልናስነሳ ስንል በትራቸውን ተደግፈው «ዛሬ ነው የምታነሱት? ዛፎቹ ልብሳቸውን አውልቀዋል እኮ። ዝናብ ይምጣና ኑ» አሉን። አንተ ሳቅክ፤ እኔም ሳቅኩ። ሪፖርቱ የሚገባበት ቀን ደርሶ ነበር። የተራራው ዛፎች፣ አባሎና ወይባ፣ በበጋ ቅጠላቸውን እንደሚያራግፉ ግን እኔ ያገሩ ልጅ ጠፍቶኝ አይደለም።

ከላይ በተነሳው ፎቶ ግራጫ ሆኖ የታየውን ሁሉ «ባዶ መሬት» ብለን ቀለም ሰጠነው። ስህተቱን ሊይዝ የሚችለው በእግር ማረጋገጡ ነበር። ሠላሳ ቦታ ሄደን፣ ያለውን በዓይናችን አይተን ቅጽ መሙላት ነበረብን። ዘጠኙን ረገጥን። ፀሐዩ ሲበረታ ተበላ ወርደን ሻይ ቤት ተቀመጥንና ሃያ አንዱን አንተ «ያው ነው፣ ያው ነው» እያልክ ሞላኸው። እኔም ከስምህ በታች ፈረምኩ።

ካርታው በመስከረም ከተነሳው ከቀድሞው ጋር ሲተያይ ግማሹ ደን የለም። ማን ወሰደው ሲባል፣ ጠባቂው ሸጦት ነው ተባለ። ከሊቀመንበርነት አነሷቸው። በቤተ ክርስቲያናቸውም ነገሩ እስኪጣራ ከሽማግሌነት ታገዱ፤ አሁን እሁድ እሁድ በኋላ ወንበር ነው የሚቀመጡት። ዝናቡ መጥቶ ተራራው ሲለመልም የቀበሌውን ሰዎች ይዘው ወጥተው ቢያሳዩ «ይሄ ቁጥቋጦ ነው፣ ካርታው ባዶ ነው የሚለው» አሏቸው። ሰው ዛፍ ሥር ቆሞ ዛፍ የለም ይላል? ይህን ስሰማ ደሜ ፈላ።

ደወልኩልህ። ስለ ቅጠሉ ብጠይቅህ ስለ ካሜራው ጥራት አወራኸኝ። በቅሎን አባትህ ማነው ቢሉት ፈረስ አጎቴ ነው አለ። በመጨረሻም «ካርታው ጸድቋል፣ አትነካኪው። አንቺም ፈርመሻል» አልከኝ። ልታስፈራራኝ ነበር። እኔ ግን አፈርኩ እንጂ አልፈራሁም።

ባለፈው ሳምንት ድሮኑን ይዤ ወደ ተራራው ወጣሁ። ጋሽ ባዳቾ መሩኝ። እኔ ግንዱን ስለካ የሜትሩን ጫፍ የሚይዙልኝ እሳቸው ነበሩ፤ ሌባ ያስባልናቸው ሰው። አሥራ ሰባተኛው ቦታ ላይ፣ አንተ «ባዶ» ብለህ የሞላኸው ቦታ፣ ሁለት እጄ የማያቅፈው ወይባ ቆሟል። እዚያ ሥር ተቀምጬ የሻይ ቤቱን ነገር ሳላስቀር ነገርኳቸው። እስኪመልሱልኝ ድረስ ቀና ብዬ ማየት አልቻልኩም።

«ሰብለ፣ ዛፉ ሌባ አላለኝም» አሉ። «ወረቀት ነው ያለኝ። በወረቀት መልሱልኝ።»

ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

አርብ ጠዋት ጉዳያቸው በቀበሌው ስብሰባ ይታያል። አዲሱን ፎቶና የግንዶቹን ልኬት አቀርባለሁ። አንተ የሞላኸውንና እኔ የፈረምኩበትን የየካቲቱን ቅጽም ከነሻይ ነጠብጣቡ አሳያለሁ። ከሥራ ካባረሩኝ ያባርሩኝ። በቀኜ ጋሽ ባዳቾ ይቀመጣሉ፤ በግራዬ ያለውን ወንበር ላንተ እይዛለሁ። ሀዋሳ ሩቅ አይደለም፣ በጠዋት ከተነሳህ ትደርሳለህ። ካልመጣህ ወንበሩ ስብሰባው እስኪያልቅ ባዶውን ይቆያል፣ የማን እንደሆነም ለጠየቀኝ ሁሉ እነግራለሁ።

ሠላሳውንም የረገጠችው፣
ሰብለ
ሶዶ፣ ሰኔ