ወስፌው ላይ የቀሩ ዘጠኝ ካርዶች

ሰኔ 2 ቀን 1957፣ ዳንግላ

ዝናብ። ቆርቆሮው አላስወራ ብሎ ዋለ። አንድ ልጅ መጥቶ "እትዬ ስሜነሽ፣ የጂኦግራፊው መጽሐፍ ማን ጋ ነው?" አለኝ። የውሰት መዝገቡን ገለጥኩ… አርባ ገጽ። የራሴ ጽሑፍ ለራሴ አልነበብ አለኝ። ልጁ ሰልችቶት ሄደ። በትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ሦስት መቶ ሰማንያ ስድስት መጽሐፍ ነው ያለኝ፤ አንዷን ፍለጋ ግማሽ ቀን!

የሒሳብ መምህሩ አስማረ ጥግ ተቀምጦ ሲስቅብኝ ነበር። አምና ለክረምት ኮርስ አዲስ አበባ ሄዶ፣ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ኮምፒዩተር የሚሉት መኪና አይቷል። የተበሳ ካርድ ያጎርሱታል፤ እሱ ለይቶ ያወጣል።

"ማን ያነብለታል?"

"ማንም። ቀዳዳውን ነው የሚያነበው።"

ቀዳዳ ማንበብ! ምሳ ሰዓት እስኪያልፍ ስጠይቀው ቆየሁ። በመጨረሻ "ኧረ በቃሽ፣ እኔም ከበር ላይ ሆኜ ነው ያየሁት" አለ።

ሰኔ 4

ዳይሬክተሩ አቶ ደጉ አስጠሩኝ። አምና ለክረምት ካዋስኩት ውስጥ ሠላሳ አንድ መጽሐፍ የውሃ ሽታ ሆኖ ቀርቷል። "ዘንድሮ ማዋስ የለም። የመጽሐፍ ቁም ሳጥኑ ይቆለፋል።"

"አይጥ ይበላዋል፣ ጋሼ።"

"አይጥ እንደሆነ እዚሁ ነው የሚበላው።"

ለመንኳቸው። ሰባተኛዎቹ ለሚቀጥለው ዓመት ሚኒስትሪ ፈተና አለባቸው፤ አገራቸው ገብተው ክረምቱን ሙሉ ምን ሊያነቡ ነው? ጢማቸውን አሻሹ። ከዚያ… "አንድ ክረምት። ነሐሴ መጨረሻ ላይ እጠይቅሻለሁ። እያንዳንዱ መጽሐፍ ማን ጋ እንዳለ፣ መቼ እንደሚመለስ። አንዱን ካላወቅሽ ቁልፉ ወደ እኔ ነው።"

እሺ አልኩ። በምን እንደማውቅ ግን እንጃ።

ሰኔ 6፣ እሑድ

ሙዳይ እየሰፋሁ… ወስፌው ስንደዶውን በስቶ ብቅ ሲል አየሁት። ቀዳዳ የሚያነብ መኪና የለኝም። ወስፌ ግን አለኝ!

ለእያንዳንዱ መጽሐፍ አንድ ካርድ። ካርዱ ጠርዝ ላይ በወሮቹ ቁጥር ልክ ቀዳዳ። መጽሐፉ የሚመለስበትን ወር ቀዳዳ እስከ ጠርዙ በመቀስ ብቆርጠው… ካርዶቹን ደርድሬ፣ በዚያ ቀዳዳ ወስፌ ሰክቼ ባነሣ፣ የተቆረጡት ምን ይይዛቸዋል? ይወድቃሉ! ምሳ መብላቴን ረሳሁ።

ሰኔ 9

አስማረ ከጠመኔ ካርቶን ካርዶቹን ቆረጠልኝ። ወሮቹን ከደመወዝ መዝገቡ ላይ ገለበጠ፤ ከመስከረም እስከ ነሐሴ፣ ቀዳዳዎቹ እኩል በእኩል። ሰውየው ማስመሪያ ሲይዝ ደስ ይላል። በቢሮው መብሻ ስንበሳ ውለን እጄ አበጠ።

ሰኔ 14

በጥቂት የሙከራ ካርዶች ሞከርነው። ወስፌውን በሐምሌ ቀዳዳ ሰካሁ፣ አነሣሁ፣ ትንሽ ነቅነቅ… አራት ካርድ ዱብ ዱብ። አራቱም የሐምሌ! ጮህኩ። እናትነሽ የምትባል የሰባተኛ ክፍል ልጅ አለች፣ የጥርባ ልጅ። "እትዬ፣ እስቲ ይድገሙት" አለች። አምስት ጊዜ ደገምኩላት። ለራሴም ጭምር ነው።

አቶ ደጉ በመስኮት አይተው "ጥንቆላ ጀመርሽ?" አሉና አለፉ።

ሰኔ 30

የትምህርት መዝጊያ። ግፊያ! እኔ መጽሐፍ አወጣለሁ፣ የልጁን ስም ካርዱ ላይ እጽፋለሁ፤ አስማረ መመለሻውን እየጠየቀ ይቆርጣል። ስልሳ አራት መጽሐፍ ወጣ። እናትነሽ ሳይንሱን ወሰደች። አስማረ ነገ ጠዋት ለኮርሱ አዲስ አበባ ይሄዳል።

ሐምሌ 30

የሐምሌዎቹ አሥራ አንድ ነበሩ። አሥራ አንዱም ገቡ። ማመን አቃተኝ።

ነሐሴ 25

ጉድ ሆንኩ። አቶ ደጉ መጡ። "አሳዪኝ።"

በሐምሌ አሥራ አንድ ወደቀ። በነሐሴ አሥራ ስምንት፤ እነሱም ተመልሰዋል። በመስከረም ሃያ ስድስት።

"ዘጠኙስ?"

ዘጠኙ ወስፌው ላይ ተንጠልጥለው ቀሩ። በሁሉም ቀዳዳ ሞከርኩ። ነቀነቅኩ። የትም አልተቆረጡም።

"ቀን ሳይቆረጥለት የወጣ መጽሐፍ ተዋሱት አይባልም፤ ወሰዱት ነው" አሉ። ለአዲስ ዓመት ዋዜማ ቁልፉን አስረክባለሁ። ከዚያ ወዲያ ቁም ሳጥኑ ለማንም አይከፈትም።

አለቀስኩ። ለማን ብዬ እደብቃለሁ?

ነሐሴ 27

ግን ለምን ዘጠኝ? አስማረ ሌላውን ሁሉ ቆርጦ እነዚህን ለምን ተዋቸው? ረስቶ ነው እንዳልል፣ አንድ ሁለት ይረሳል እንጂ ዘጠኝ? ካርዶቹን አሰለፍኳቸው። ሁለት ከግምጃ ቤት፣ ሦስት ከእንጅባራ፣ አራት ከጥርባ። ሁሉም ሩቅ። የሩቅ ልጅ ወደ ዳንግላ መቼ ይመጣል? ዝናቡ ጋብ ሲል፣ ለአዲስ ዓመት ገበያ…

ካርዱን ዓይኔ ሥር አደረግሁት። ቀዳዳዎቹን በጣቴ ቆጠርኩ። ሰኔ። ሐምሌ። ነሐሴ። ከዚያ የካርዱ ጫፍ።

ጳጉሜስ?!

ብቻዬን ሳቅኩ። ከደመወዝ መዝገብ ላይ ነው የገለበጥነው! ጳጉሜ ደመወዝ የላት፣ ቀዳዳም አልደረሳት። አስማረ የሚቆርጥበት አጥቶ ወደ ጎን አድርጓቸው ይሆናል። ይሆናል… ካልሆነስ?

ነሐሴ 28

ለአቶ ደጉ ነገርኳቸው። ካርዱን አገላብጠው አዩት። "ጳጉሜ አምስት ቀን ናት። በአምስተኛው እመጣለሁ። አንድ ቢጎድል ቁልፉን እቀበልሻለሁ።" ሊስቁ ነበር መሰለኝ፤ ጢማቸውን ይዘው ተዉት።

ጳጉሜ 3

ሩፋኤል። የከተማው ልጅ በሙሉ ዝናቡ ውስጥ ይጨፍራል። ስድስት መጽሐፍ ገባ። ስድስት! ልክ ነኝ።

ጳጉሜ 5

ጠዋት ሁለት ገባ። የቀረችው እናትነሽ ብቻ። ወንዙ ሞልቷል አሉ።

አቶ ደጉ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጥተው ወንበር ሳቡ። ቁልፉ ጠረጴዛው ላይ፣ በእኔና በእሳቸው መሀል። ዝም ብሎ መቀመጥ ሰለቻቸውና አንድ ስለ ንብ እርባታ የተጻፈ መጽሐፍ አነሡ። አንድ ገጽ… ሁለት… መነጽራቸውን አወጡ። "ንብ ይህን ሁሉ ታውቃለች?" ይህን ያሉት ለራሳቸው ነው።

አሥራ አንድ ሰዓት ሲል በሩ ተከፈተ። እናትነሽ! ከራስ ጸጉሯ እስከ እግሯ ውሃ ታንጠባጥባለች፤ ወንዙን በአገውኛ ትሰድበዋለች። የሣር ገሳዋን አልለበሰችውም፤ ጠቅልላ አቅፋዋለች። ፈታችው። ሳይንሱ ደረቅ ነው።

"ገሳው ለአንቺ አልነበረም?"

"እኔ እደርቃለሁ፣ እትዬ። እሱ ከራሰ አበቃ።"

አገላብጬ ሳምኳት። እኔም ረጠብኩ። አቶ ደጉ ቁልፉን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት። ሲወጡ ግን የንቡን መጽሐፍ ብብታቸው ሥር አየሁት።

"ጋሼ፣ ካርድ!"

ቆም አሉ። "እ… መስከረም ሃያ" አሉ። ቆረጥኩላቸው።

መስከረም 30 ቀን 1958

አስማረ ተመልሷል። ጳጉሜዎቹን "ቆይ፣ በኋላ" ብሎ አስቀምጦ፣ ረስቷቸው ነው የሄደው! ጆሮውን ልቆነጥጠው ምንም አልቀረኝ። አዲሶቹ ካርዶች አሥራ ሦስት ቀዳዳ አላቸው። አሥራ ሦስተኛውን እኔ ራሴ በሳሁት።

ዛሬ ወስፌውን በመስከረም ቀዳዳ ሰካሁ። ሃያ ሰባት ካርድ ወደቀ። የሃያ ስድስቱ መጽሐፍ መደርደሪያው ላይ አለ። የአንዱ የለም። ካርዱን ገልብጬ ስሙን አነበብኩ።

አቶ ደጉ።

በሰኔ ቢሮአቸው የገባሁት ልለምን ነበር። ነገ ጠዋት ካርዱን ይዤ እገባለሁ። መጽሐፉ ማን ጋ እንዳለ፣ መቼ መመለስ እንደነበረበት… አውቃለሁ።