የራዲዮው መንታ

ጋዲሴ፣

የመገናኛ ታክሲ ሰልፉ ሳይረዝም ልውጣ ብዬ በጥድፊያ ነው የምጽፍልሽ። ቁልፉን ጎረቤታችን ሸሪፋ ጋ ትቼዋለሁ። ሽሮ ድስቱ ውስጥ አለልሽ፤ አሙቂው። ውሃ ዛሬ ስለሚመጣ ባልዲዎቹን ሙዪ፤ መጀመሪያ ግን የድሮ ሰዓቶችሽን ከውስጣቸው አውጪ።

ጠዋት የመኝታ ቤቴን በር ስከፍት ትናንት ያመጣሽው ግዙፍ ራዲዮ ኮሪደሩን ዘግቶት ነበር። በላዩ ተንጠላጥዬ ስወጣ ቀሚሴ ተቀደደ። አሮጌ ዕቃ ሰብስቢ፤ እኔን ግን ከዕቃው ጋር አትደርድሪኝ።

ትናንት «ለሳሎኑ ራዲዮ መንታ አገኘሁለት! ቁራሌው ነው የሸጠልኝ» ብለሽ ስትፈነድቂ ምን ልበል? እንኳን ደስ አለሽ አልኩና እስከ አራተኛ ፎቅ አብሬሽ ተሸከምኩት።

አሁን ከሶፋው ጀርባ የሳሎኑን ራዲዮ የምትሸፍኚበትን ጨርቅ ግለጪው። ከሥሩ ያለው ባዶ ካርቶን ነው። የሳሎኑን ራዲዮ ትናንት ጠዋት አንቺ ሥራ ስትሄጂ ለቁራሌው ሰጠሁት፤ አንድ ቀን እንኳ እግሬን ልዘርጋ ብዬ። አንቺ ያንኑ ገዝተሽ የመኝታ ቤቴ በር ላይ ገተርሽው።

ይቅርታ ልጠይቅሽ ነበር፤ ቀሚሴ ባይቀደድ።

ሳሊተ ምሕረት፣ እህቴ ጋ ነኝ። ወደ ክፍሌ መግቢያ ሲገኝ ደውዪልኝ።

ሀይሚ