ለቅሶ በቴሌግራም

ማክሰኞ፣ የካቲት 17፣ ከ/ሰዓት
ዛሬም ካፌ አልሄድኩም። ሰናይት ዳቦ በነጠላዋ ጠቅልላ አመጣችልኝ። አንድ ዶርም ከገባን ጀምሮ የምትመግበኝ እሷ ናት። የክፍላችን ግሩፕ ላይ ምላሴ ጤፍ ይቆላል፤ ሁሉም በኔ ቀልድ ይስቃል። ካፌ ሰልፍ ላይ ግን አንድ ሰው ዞር ብሎ ካየኝ ሰልፉን ትቼ እወጣለሁ። ያኔ ስልኬን አወጣለሁ። ከዚያ ቀኑን ሙሉ እዚያው ነኝ። መቼም ታውቂኛለሽ፣ ደብተሬ።

ረቡዕ፣ የካቲት 18
ጠዋት የሰናይት አጎት መጡ። አባትሽን ትንሽ አሟቸዋል ብለው ወደ አገሯ እምድብር ወሰዷት። ገብቷታል። ስትወጣ አቀፈችኝ፤ እኔ ግንድ ሆንኩ።
ከሰዓት መርዶው ተሰማ። ግሩፑ ላይ ረጅም የማጽናኛ ጽሑፍ ለጠፍኩ። ሁሉም አስለቀስሽን አሉ። ደስ አለኝ። አፈርኩ። ደግሞ ደስ አለኝ።

ዓርብ፣ የካቲት 20
ልጆቹ ሚኒባስ ኮንትራት ይዘው ለቅሶ ሄዱ። ራሴን አመመኝ ብዬ ተኛሁ። ውሸቴን ነው። ድንኳን መግባት፣ የዚያ ሁሉ ሰው ዓይን! አልችልም።
ተመልሰው ነገሩኝ። የሰናይት እናት፣ ልጄ ስሟን ጠርታ የማትጠግባት የቡታጅራዋ ልጅ የታለች ብለው ስለ እኔ ጠይቀዋል። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ።

ዓርብ፣ ከእራት በኋላ
ሰናይት የድምጽ መልእክት ላከችልኝ። ድምጿ በለቅሶ ሰልሏል። «ጽሑፍሽ ያምራል። ግን እናቴ ማንበብ አትችልም። ደጅ ደጁን ነው የምታየው።» ይኸው ነው።
መልስ ጻፍኩ፣ አጠፋሁ። ጻፍኩ፣ አጠፋሁ። በራሴ ተናደድኩ። ነገ እሄዳለሁ። ብቻዬን።

ቅዳሜ፣ የካቲት 21፣ ሚኒባስ ውስጥ
ጠዋት ሻወር ቤት «እግዜር ያጥናችሁ» ስል ነበር፣ እንደ እብድ ደጋግሜ። ስልኬ ቦርሳዬ ውስጥ ይርገበገባል። አላወጣውም። ጎኔ የተቀመጡት ሴትዮ ወዴት ነሽ አሉኝ። ለቅሶ አልኩ። ድምፄ ወጣ።

እምድብር
የሰው እንሰት ጥግ ቆሜ ነው የምጽፍልሽ። ድንኳኑ ይታያል። እግሬ ወደ ኋላ ይለኛል። የመመለሻ መኪና አሁንም አለ።
ጥቁር የለበሱ ሴትዮ ከደጁ ተነሱ። እጃቸውን ግንባራቸው ላይ ጋርደው ወደ እኔ ያያሉ። ቁመናቸው ቁርጥ ሰናይትን። እየመጡ ነው። እኔ ነበርኩ መሄድ የነበረብኝ። እሺ። እግዜር ያ