ያልተነሣችው መኪናህና የሰብለ ቀለም

አያልነህ ሆዴ፣

አንተ ካረፍክ ወዲህ የመተማ ሰሊጥ ሁለት ጊዜ ታጭዶ ሁለት ጊዜ ተራገፈ። እኛ ደኅና ነን። ጋራዥህ ደጃፍ ላይ የተከልከው ኒም አድጎ ጥላው በሩን አልፏል። ከጋላባት ማዶ ይመጡ የነበሩ ደንበኞችህ እንደ ድሮው አይመላለሱም። የመጣ ሰው ግን እኔን ሰላም ካለ በኋላ ቀጥሎ የሚጠይቀኝ ስለዚያች መኪና ነው።

የገዳሪፉ ወዳጅህ አገሩን ለቆ ሲሄድ፣ ተፈታታ በሳጥን የመጣችውን የስፖርት መኪና «አንተ ትገጣጥማታለህ» ብሎ ትቶልህ ነበር። እኔ መመሪያውን ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ሳነብልህ፣ አንተ ሥሯ ተጋድመህ «ቀስ በይ መምህርት፣ ገና ብሎኑን አላገኘሁትም» ትለኝ ነበር። እኔም ከመጀመሪያው እደግምልሃለሁ። ተገጣጥማ ስትወጣ፣ ዝቅ ከማለቷ የተነሣ የከባድ መኪና ሾፌሮች ከላይ እያዩህ «አያልነህ፣ አልጋህን ወዴት ትነዳለህ?» ይሉህ ነበር። አንተም «ወደ ሚስቴ!» ብለህ ታልፋቸዋለህ።

ለሰብለ «በሠርግሽ ቀን በዚህች ነው ሽንፋ እጮኛሽ ቤት የምትገቢው» ብለሃት ነበር። ልጃችን በጥር ተዳረች። ሠርጉ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ግን መኪናዋ አልነሣ አለች።

ቁልፉን ስናዞር መብራቷ ደብዘዝ ብሎ ይበራል። ልናስነሣት ስንል ቀጭ ትልና ሁሉም ይጠፋል። አብሮህ ይሠራ የነበረው ሙላት ባትሪ ቀየረ፤ ያው ሆነ። ሞተሩን የሚያስነሣውን ሞተሪኖ አውርዶ መሬት ላይ ሞከረው፤ ደኅና ዞረ። በመጨረሻ «እትዬ፣ ጊዜ የለንም፤ ሽቦውን በሙሉ ቆርጬ እንደ አዲስ ልዘርጋው» አለኝ። ሰብለ «ተዪው እማዬ፣ በሚኒባስ እሄዳለሁ» ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። በሚኒባስ መሄዱ አልነበረም የከበዳት። አንተ በእጅህ የዘረጋኸው ሽቦ ሊቆረጥ መሆኑ ነበር። እኔንም የከበደኝ እሱው ነው።

ጥፋቱ የት እንዳለ ሳናውቅ አንድም ሽቦ አይቆረጥም አልኩ። ስንት ዘመን ስምንተኛ ክፍል ሳስተምር ልጆቹ አምፖል አልበራ ሲላቸው ሁልጊዜ ኤሌክትሪኩ ከባትሪው የሚወጣበትን መንገድ ይመረምራሉ፤ የሚመለስበትን የሚያየው ጥቂቱ ነው። እኛም እስከዚያ ድረስ የመረመርነው መሄጃውን ብቻ ነበር። ስለዚህ ሙላትን አንድ ወፍራም ገመድ ከባትሪው ኔጌቲቭ በቀጥታ ወደ ሞተሩ ብረት እንዲያገናኝልኝ ለመንኩት። ሰብለ ቁልፉን አዞረች። ሞተሩ በአንድ ጊዜ ተነሣ።

ጥፋቱ መመለሻው ላይ ነበር ማለት ነው። እዚህ የለመድናቸው ፒካፖች አካላቸው ብረት ስለሆነ የትም ቢያስሩላቸው ኤሌክትሪኩ መመለሻ አያጣም። የዚህች አካል ግን ፋይበር ነው። አንተ የመብራቱንም የሞተሩንም መመለሻ ሁሉ ሰብስበህ፣ ከሥሯ ባለው የብረት ቻሲ በኩል ወደ ባትሪው እንዲመለስ፣ ቻሲው ላይ በአንዲት ብሎን አስረኸው ነበር። ብሎኗን ስንፈታ ሥሯ ያለው ብረት በወፍራም ግራጫ ቀለም ተሸፍኗል።

ሰብለ አፏን በእጇ ያዘች። የቆላው ክረምት ብረት እንደሚበላ ታውቀዋለህ፤ እዚህ ዝናብ ሳይገባ የማይቀባ የግቢ በር የለም። ካንተ በኋላ በመጣው ክረምት እሷም መኪናህ እንዳትዝግ ብላ ቻሲዋን ፀረ ዝገት ቀለም ቀባችው። ሌላ ሰው ቢሆን በላይ በላዩ ቀብቶ ያልፍ ነበር። እሷ ግን ብሎኗን ፈትታ፣ ገመዱን አንሥታ፣ ሥሩን ደርባ ቀብታ፣ ሲደርቅ መልሳ አጥብቃ አሰረችው። ከዳር እስከ ዳር ሳይዘልሉ መቀባትን ያስተማርኳት እኔው ነኝ። በብሎኗ ጥርስ በኩል ሾልኮ የሚያልፈው ጥቂት ኤሌክትሪክ ለመብራቱ በመጠኑ በቃ፤ ለሞተሪኖው ግን አልበቃም።

«አባዬን እኔ ነኝ ያስቆምኩት» ብላ አለቀሰች። መኪናዋን አላለችም፤ አንተን ነው ያለችው። የብርጭቆ ወረቀቱን ሰጠኋት። ተንበርክካ ያቺን ቦታ ብቻ፣ የብሎኗን ክብ ያህል፣ ብረቱ እስኪያበራ ፈገፈገችው። የቀረው ቀለም እንዳለ ነው። ዝገት የሚባል አልነካትም፤ ቻሲህ ዛሬም የመጣችበትን ቀን ይመስላል።

በሠርጉ ዕለት ሌላ ነገር ገጠመን። ወንበሩ ሁለት ብቻ፣ ሙሽራው ደግሞ መንዳት አያውቅም። ስለዚህ ሰብለ ቬሏን ጉልበቷ ላይ ሰብስባ መሪውን ያዘች። ሽማግሌዎቹ «ሙሽሪት ራሷን ትወስዳለች እንዴ? ጉድ ነው!» እያሉ አጉረመረሙ። ሙላት በሚኒባሱ ጥሩምባ ድምፃቸውን ዋጠው። እኔ ከኋላ ሚኒባስ ውስጥ ሆኜ አቧራዋን እያየሁ ሄድኩ። ሽንፋ እስክንደርስ አንዴም አልቆመችም።

አሁን መኪናዋ እሷ ዘንድ ናት። እኔ ግን ከእንግዲህ ክረምቱ በወጣ ቁጥር ሽንፋ እወርዳለሁ። ያቺን ብሎን ፈትቼ፣ ብረቱን አጽድቼ፣ ግሪስ ቀብቼ መልሼ አስራታለሁ። ሰብለ መፍቻውን እያቀበለችኝ ስላንተ እናወራለን። እኔ ስደክም ብቻዋን ትሠራዋለች፤ አሳይቻታለሁ።

መምህርትህ