የግራ ጆሮዬ ነገር

ለምወድሽ እናቴ፣

እንዴት ከርመሽልኛል እማዬ? ጉልበትሽስ እንዴት ሆነልሽ? ደረጃውን አሁንም እየተቆጣሽው ነው የምትወጪው ወይስ ታርቃችኋል? ያለፈው ደብዳቤሽ ደርሶኛል። «ደህና ነኝ፣ አታስቢ» ይላል፤ ሦስት ቃል። እንዳልወቅስሽ እኔም ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከዚያ ብዙም የረዘመ ጽፌልሽ አላውቅም። ዛሬ ግን ወረቀቱ እስኪያልቅ ልጽፍ ቆርጬ ተቀምጫለሁ። መነጽርሽን አድርጊና ተደገፊ።

እኔ ደህና ነኝ። አሁን ማለቴ ነው። ያለፉትን አሥራ ሁለት ቀናት የግራ ጆሮዬ አሳሬን አሳይቶኛል። እንዳትደነግጪ አስቀድሜ ልንገርሽ፤ ድኛለሁ፣ የቀረኝ ጥቂት ነው።

ጉንፋን ይዞኝ ሳምንት ከርሞ ነበር። ሊለቀኝ ነው ስል፣ እሑድ ከምሳ በኋላ የታጠበ ልብስ እያጠፍኩ ሳለ ጆሮዬ ውስጥ አንድ ነገር ድፍን አለ። ውሃ የገባብኝ መሰለኝና አንገቴን አዘንብዬ በአንድ እግሬ ዘለልኩ። ባሌ አየኝና በዚህ ዕድሜሽ ሰኞ ማክሰኞ ጀመርሽ እንዴ አለኝ። አንሶላውን አጥፌ ሳልጨርስ ግን ጨዋታው አበቃ። ባሌ ሚስማር በሦስት ምት ነው የሚያስገባው፤ አናጢነቱ የሚታወቀው በዚያ ነው። የኔን ጆሮ የያዘው አናጢ ገና ተለማማጅ ነበር መሰለኝ፣ ይመታል፣ ይመታል፣ አይጨርስም። ሕመሙ እስከ መንጋጋዬ ወረደ። ምራቄን መዋጥ አቃተኝ። ትኩሳትም ተከተለ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ እንደ ሕፃን «እማዬ!» ብዬ ጮኽኩ። ይህን ስጽፍልሽ አፍራለሁ፤ ከስንት ጊዜ በኋላ ስጠራሽ ነው መሰለሽ።

ጩኸቴን የሰማችው ጎረቤታችን፣ ያቺ ዶሮ አርቢዋ፣ ነጭ ሽንኩርት የተጠበሰበት ትኩስ ዘይት በማንኪያ ይዛ ከተፍ አለች። ባሌን ታውቂዋለሽ፤ ሰው ፊት ቃል ከአፉ የሚወጣው በጉጠት ነው። ያን ቀን ግን በሩ ላይ ቆሞ መንገድ ዘጋባት። «እትዬ፣ ከኋላው ምን እንዳለ ሳላውቅ እንኳን ጆሮ ግድግዳም አልነካ። ሐኪም ሳያየው ምንም አይገባበትም» አላት። እሷም ስድስት ልጅ ያሳደግኩት በዚህ ዘይት ነው፣ አንዳቸውም አልደነቆሩም ብላ፣ ማንኪያዋን እንደ ሻማ ይዛ ተመለሰች። እሱ ፎጣ በካውያ አሙቆ ጆሮዬ ላይ ደገፈልኝ፣ ማስታገሻ አዋጠኝ፣ ፎጣው ሲቀዘቅዝ እንደገና ያሞቃል። ስንት ጊዜ እንደተመላለሰ አልቆጠርኩም።

በማግስቱ ጠዋት ጤና ጣቢያ ሄድን። ሐኪሟ ወጣት ናት፣ እጇ ቀዝቃዛ። መብራት ያለው መሣሪያዋን ጆሮዬ ውስጥ አስገብታ ብዙ አየች። ታምቡሩ ቀልቷል፣ ከኋላው መግል ተጠራቅሞ ወደ ውጭ እየገፋው ነው፣ የሚያስጮህሽ እሱ ነው አለችኝ። ታውቂኛለሽ፣ እየሞትኩም ቢሆን ከመጠየቅ አልመለስም። ከታምቡሩ ወዲያ ምን አለ? ድምፅ እንዴት ያልፋል? ብዬ አደከምኳት። እሷም ሳቀችና በወረቀት ጀርባ ሣለችልኝ፤ ሦስት ትንንሽ አጥንቶች ተያይዘው ይነቃነቃሉ፣ ትንሿ ከሩዝ ፍሬ ታንሳለች፣ አንዱ ደግሞ መዶሻ ይባላል። እስከ ዛሬ ጭንቅላቴ ውስጥ መዶሻ ይዤ ስዞር አላውቅም ነበር። ባሌ ሥዕሉን አገላብጦ አይቶ «መዶሻውስ ይሁን፣ ሚስማሩን ማን አቀበለው?» አለ። እዚያ ሕመም ውስጥ ሆኜ ሳቅሁ፤ ሳቁም አመመኝ።

በቀን ሦስት ጊዜ የሚዋጥ እንክብል አዘዘችልኝ። የዋጥኩትን እንዳልረሳ ባሌ የወጥ ቤቱ መቃን ላይ በእርሳስ ጭረት ያደርጋል። ሥራ ቦታዬም አሳወቅሁ፤ ፖስታ ቤት የጥቅሉን መስኮት ሌላ ሰው ያዘልኝ። በሦስተኛው ቀን ጆሮዬ ፈሰሰ። ደንግጠን ስንመለስ ሐኪሟ ታምቡሩ ትንሽ ተቀድዶ ነው፣ ለዚህ ነው ሕመሙ የቀለለሽ፣ መልሶ ይገጥማል፣ ውሃ እንዳይነካው ብቻ፣ መስማቱ ግን ሳምንታት ሊወስድ ይችላል አለችኝ። እውነትም ሕመሙ ተነሥቶ ሄደ። ከዚያ በኋላ የቀረኝ አንድ ጆሮና ብዙ ትርፍ ጊዜ ነበር።

እማዬ፣ በአንድ ጆሮ መኖር ምን ዓይነት ነገር መሰለሽ! ሥራ ስለሌለኝ እንደ ተማሪ መረመርኩት። ደህናውን ጆሮዬን ትራስ ላይ ሳስተኛው ዓለም እንደ ሬዲዮ ትጠፋለች። ዳቦ ሳኝክ ጭንቅላቴ ውስጥ ሰው ጠጠር ላይ የሚሄድ ይመስላል። የገዛ ድምፄ ከጉድጓድ ይመጣል። ከሁሉ የገረመኝ ግን ድምፅ አድራሻ ማጣቱ ነው። ስልኩ መኝታ ቤት ሲጮህ ወጥ ቤት ሄጄ ድስት ከፍቼ አያለሁ። በር ሲንኳኳ መስኮት እከፍታለሁ። ሰው ከግራዬ ሲያናግረኝ መኖሩን እንኳ የማውቀው ጥላውን ሳይ ነው። ደግሞ ሳይታወቀኝ አንገቴን ወደ ግራ መስበር፣ ቀኙን ጆሮዬን ማቀበል ጀመርኩ። አንድ ጠዋት ፊቴን ስታጠብ ባሌ ከኋላዬ ጠራኝ። ዘወር ልል ስል መስታወት ውስጥ ያየሁት አንገት የኔ አልነበረም። ያንቺ ነበር። አገጭ ወደ ላይ፣ ዓይን ጠበብ፣ ልክ አንቺ። ልጅ እናቷን መምሰሏ ምን ይገርማል ብዬ ፊቴን አደረቅሁ።

በአምስተኛው ቀን ራት ላይ ባሌ በግራዬ ተቀመጠ። ሾርባውን እያማሰለ አንድ ነገር ተናገረ፤ እንደ እሱ ላለ ሰው ረጅም ነበር። አልሰማሁትም። «ምን አልክ?» እንዳልል፣ ያን ቀን ብቻ አሥር ጊዜ ሳልለው አልቀረሁም፣ ሰለቸኝ፣ አፈርኩም። ፊቱን ሳየው ክፉ ነገር አይመስልም። ስለዚህ ፈገግ አልኩና እጁን መታ መታ አደረግሁለት። ፊቱ በራ። ሾርባውን ሁለቴ አስጨመረ።

በማግስቱ ደህናውን ጆሮዬን ትራስ ላይ አድርጌ ለጥ ብዬ ተኛሁ። ተነሥቼ ወጥ ቤት ስገባ ቤቱ በብርሃን ተሞልቷል። የጣውላው ግድግዳ ላይ የጠረጴዛ ስፋት ያለው ቀዳዳ ተከፍቷል፤ በቀዳዳው አንዲት ቀይ ዶሮ አንገቷን አስገብታ ትመለከተኛለች። እማዬ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ «እዚህ ጋ መስኮት ላውጣ» ሲለኝ «ሴትዮዋና ዶሮዎቿ እራቴን ሊቆጥሩብኝ ነው» እያልኩ የከለከልኩት መስኮት ነው! ማን ፈቀደልህ ብዬ ጮኽኩበት። መጋዙን አስቀመጠ። አልተቆጣም፣ ግራ ነው የገባው። «አንቺ ነሻ! ትናንት ራት ላይ ጠየቅሁሽ። ፈገግ ብለሽ እጄን መታ መታ አደረግሽው» አለኝ። ቀጥሎም ቀስ ብሎ «አልሰማሽኝም ነበር እንዴ?» አለኝ። «አልሰማሁህም፣ ደግሜ መጠየቅ አፍሬ ነው» አልኩት።

ቃሉ ከአፌ እንደወጣ መሬት ላይ፣ ሰጋቱራው ውስጥ ቁጭ አልኩ። ባሌ ትኩሳቱ የተመለሰብኝ መስሎት ግንባሬን ነካ። ትኩሳት አልነበረም። ያን ፈገግታና ያን እጅ አውቃቸው ነበር።

መንገድ ስንሄድ ሁልጊዜ ለምን በቀኝሽ እንድሆን ትጎትቺኝ እንደነበር አስቤው አላውቅም። እንግዳ ሲመጣ የጥግ ወንበሯን ማንም እንዳይወስድብሽ የምትሽቀዳደሚው። ሰዎች ሲስቁ ከሁሉም ኋላ የምትስቂው። ሰፈሩ «ኩራተኛዋ» ሲልሽ፣ ሰላምታ የማትመልሽ እየተባልሽ፣ አንድም ቀን አልተከራከርሽም። የፋብሪካው ሽመና ክፍል ሃያ ሁለት ዓመት ሠራሽ። በሁለተኛው ቀጠሮዬ ሐኪሟን ስለዚያ ሥራ ስጠይቃት፣ ማሽኑ በየትኛው ጎኗ ነበር አለችኝ። አላውቅም ልል አፌን ከፈትኩና ትዝ አለኝ። ምሳሽን ላደርስልሽ ስመጣ በር ላይ ቆሜ በግራሽ ካለው ማሽን በላይ እየጮኽኩ እጠራሽ ነበር። አትዞሪም። ጎንሽ ያለችው ሴትዮ ትከሻሽን ስትነካሽ ብቻ ትዞሪና ፈገግ ትያለሽ። በገዛ ዓይኔ ያየሁት ነገር ነው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ፤ ለባለቤቱ ልጅ ግን ምን እንደሆነ የነገረኝ የለም።

ለምን እንደደበቅሽውም ይገባኛል። ደወል የማይሰማ ሠራተኛ ማሽን ላይ አያቆሙም። እኔ ደግሞ ብቻሽን የምታሳድጊኝ ልጅ ነበርኩ።

አሁን ከሠርጌ በፊት ወደተሳፈርንበት አውቶቡስ ልመለስ ነው እማዬ። አትዝለይው፣ አንብቢው።

ከልብስ ሰፊዋ ቤት ስንመለስ ነበር። ነጩ ቀሚስ በወረቀት ተጠቅልሎ ጭኔ ላይ ተቀምጧል። አንቺ በቀኝ መስኮቱን ይዘሻል፣ እኔ በግራሽ። ያን የታጨሁለትን ሰው ሦስት ጊዜ ብቻ ነበር ያየሁት፤ ሦስቱንም ጊዜ አንድም ቃል አልወጣውም። ከአንዱ ፌርማታ እስከ ሌላው ድፍረት ሳጠራቅም ቆየሁና አንድ ዓረፍተ ነገር ተናገርኩ። አንድ ጊዜ ብቻ። አንቺም ዘወር ብለሽ ፈገግ አልሽ፣ እጄን መታ መታ አደረግሽው፣ ተመልሰሽ መንገዱን ማየት ቀጠልሽ።

በአሥራ አንደኛው ቀን ቀሚሱን ለበስኩት።

ሰምታ ነው የተወችኝ ብዬ ነበር። ሆድ ይፍጀው ብዬ ያዝኩት፤ ዘጠኝ ዓመት ፈጀው። ስመጣ አንድ ሰዓት ሳልቆይ የምነሣው፣ «ሥራ በዝቶብኝ» የምልሽ፣ በዓመት ሁለት ጊዜ ሦስት መስመር የምጽፍልሽ ለዚያ ነበር። ሥራ በዝቶብኝ አያውቅም። ይቅር በዪኝ። ያለ ጥፋትሽ ነው የቀጣሁሽ።

ይህን ስታነቢ ያኔ ምን ነበር ያልሽኝ ብለሽ እንደምትጨነቂ አውቃለሁ። ልጽፍልሽ ሞክሬ ነበር። ከዚህ በፊት ያለው ወረቀት ላይ ቃል በቃል አሰፈርኩት። ደግሜ አነበብኩት። ወዲያ ማዶ ያ ቃል የማይወጣው ሰው የመስኮቱን መስታወት እየለካ፣ የማልሰማው መስሎት ያንጎራጉራል። ዜማውን አንድም ቦታ አልጠበቀውም። ወረቀቱን ቀደድኩት። ያኔ የተናገርኩት እውነት ነበር እማዬ፤ ዛሬ ብጽፈው ግን ውሸት ይሆንብኛል።

ሐኪሟ አምጪያት፣ ጆሮዋን እንለካዋለን፣ የሚረዳ መሣሪያም አለ ብላኛለች። ከእንግዲህ የሚያባርርሽ አለቃ የለም። ቅዳሜ ባሌ መጥቶ ይወስድሻል። እምቢ እንዳትዪው፤ ሁለተኛ ለመናገር ሌላ ዘጠኝ ዓመት ነው የሚፈጅበት። እዚህ አንድ ወር ተቀመጪ፤ የምነግርሽ ብዙ ነው፣ የምጠይቅሽ ከዚያ ይበዛል።

ዕድሜሽን ያርዝምልኝ፣ ጉልበትሽን ያበርታልኝ፣ የደከምሽበትን ሁሉ በዕረፍት ይካስልኝ። እሱም ጉልበት ስሞ ሰላም ብሎሻል። ምን እንደጻፍኩልሽ አልጠየቀኝም።

ከእንግዲህ በቀኝሽ በኩል የምትቀመጠው
ልጅሽ