የማይወልቀው ባትሪ

ቅዳሜ፣ ወሩ በገባ በአሥራ አራተኛው ቀን

ለውድ እህቴ ለእታለም፤

እንደምን ሰነበትሽ? ከብርዱ ጋር ታረቃችሁ ወይስ አሁንም ካልሲ በካልሲ ደርበሽ ነው የምትተኚው? እኔ ደህና ነኝ። ደህና ብቻም አይደለሁም፣ ባለ ኤሌክትሪክ ብስክሌት ሆኛለሁ። ቆመሽ ከሆነ የምታነቢው ተቀመጪ፤ ኋላ ወድቀሽ በእኔ እንዳታሳብቢ።

አንቺ ስትሄጂ ለምነሽ ያስገባሽኝ የሆስፒታሉ ልብስ እጥበት ቤት፣ ቋሚ ሊያደርገኝ አንድ ወር ነው የቀረው። ችግሩ ሥራ የሚጀመረው አንድ ሰዓት ላይ፣ አውቶቡሱ የሚመጣው ደግሞ ደስ ባለው ሰዓት መሆኑ ነው። ሁለቴ አረፈድኩ። እኚያ የድሮ አለቃሽ፣ እኔ እትዬ ካውያ የሚል ስም ያወጣሁላቸው (አደራ አትንገሪያቸው)፣ ጠርተው «ስማ፣ ሦስተኛ ካረፈድክ እህትህ ራሷ ብትመጣ አታስጥልህም» አሉኝ። ሲቆጡ ታውቂያቸው የለ? አንሶላው ሳይነኩት ይተኮሳል።

ስለዚህ ያጠራቀምኩትን ይዤ ብስክሌት መረጣ ወጣሁ። የስምንተኛ ክፍል በር ላይ ከትምህርት ጋር የተለያየሁ ብሆንም፣ መምረጥ ላይ ፕሮፌሰር ነኝ። ሻጩ መጀመሪያ ጎማው እንደ ክር የቀጠነ ፈጣን ብስክሌት አቀረበልኝ። «ወንድሜ፣ እኔን ሰፈር ውስጥ ሽቦ ነው የሚሉኝ፤ ሁለት ሽቦ አንድ ላይ ነፋስ ይወስደናል» አልኩት። ቀጥሎ የሚታጠፍ አመጣ። «ቀኑን ሙሉ አንሶላ ሳጥፍ ውዬ፣ ወደ ቤቴ ስሄድም ልጠፍ?» አልኩት። ሦስተኛው ቀይ ነው፤ ጎማው ወፍራም፣ ፍሬኑ ቆንጠጥ የሚያደርግ። ዳገቱ ላይ ሞከርኩት። ፔዳሉን አንዴ ስትረግጪው ከኋላ ሰው የሚገፋሽ ነው የሚመስልሽ። ልክ ልጅ ሆነን አንቺ ትገፊኝ እንደነበረው፤ ልዩነቱ ይሄኛው እየገፋ አይሳደብም።

ከቀዩ ደግሞ ሁለት ዓይነት አለ። ሻጩ አንደኛውን መታ መታ አደረገና ደረቱን ነፍቶ «የዚህኛው ባትሪ ይወልቃል!» አለኝ።

በሳቅ ልሞት። የዕቃውን ጉድ በኩራት የሚናገር ነጋዴ አይተሽ ታውቂያለሽ? የሚወልቅ ነገር እኛ ቤት መች ጠፋ? የቁም ሳጥኑ በር ይወልቃል፣ የድስቱ እጀታ ይወልቃል፣ የጫማዬ ተረከዝ ይወልቃል።

«የማይወልቅ የለህም?»

«አለ፤ ግን ፎቅ ላይ ከሆነ የምትኖረው...»

«አራተኛ ፎቅ ነኝ። ግን የሚል ቃል አልወድም። የማይወልቀውን አምጣ!»

አየኝ፣ አየኝና «እንደ ፍላጎትህ» አለ። እኔ እንደሆንኩ ማንም የማያታልለው ገዢ ሆኜ፣ እያፏጨሁ ወጣሁ።

ቤት ስደርስ ነው የገባኝ። ባትሪው የሚወልቀው ለካ ነቅለሽ በእጅሽ ይዘሽ ወጥተሽ ሶኬት ላይ እንድትሰኪው ነው! የእኔ ግን ከብረቱ ጋር ተጋብቷል፤ ፍቺ የለም። ምድር ቤት ደግሞ ሶኬት የለንም። ቻርጅ ማድረግ ከፈለግኩ ብስክሌቱ ራሱ አራተኛ ፎቅ ይወጣል። ሠላሳ ኪሎ በትከሻዬ! እማዬ ደረጃው አናት ላይ ቆማ «ልጄ፣ እሱ ነው አንተን የሚያመላልስህ ወይስ አንተ እሱን?» ብላ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀችብኝ።

ሻጩ ጋ ተመልሼ «ተሳሳትኩ» ማለት? ሞቼ ነው! ሦስት ቀን ተሸከምኩ። ረቡዕ ታከተኝና ታች ትቼው ወጣሁ። ሐሙስ ጠዋት ዳገቱ ወገብ ላይ ስንደርስ ጸጥ አለ። ቀይ መብራቱ እንኳ ቻው ሳይለኝ ጠፋ። ወርጄ ገፋሁት፤ ላቤ በጀርባዬ እየወረደ ገፋሁት። ስደርስ ከአንድ ሰዓት ሰባት ደቂቃ አልፏል። እትዬ ካውያ በሩ ላይ ቆመዋል።

ምንም ሳልደብቅ ዘረገፍኩት። ሻጩ ይወልቃል ሲለኝ የሚበላሽ መስሎኝ እንደሆነ፣ ፎቁንም፣ ዳገቱንም። አንሶላ የሚያጥፉት ሴቶች ጠረጴዛውን እየደበደቡ ሳቁ። አንዷማ «ዛሬ ደግሞ በብስክሌት መጣብን!» አለች። ከዚህ በፊት ለቀልድ የሐኪሞቹን ጋውን እጅጌ ጫፉን ሰፍቼ የላክሁ ሰው ስለሆንኩ ማን ይፈርድባቸዋል? ግን እታለም፣ ሰው ሲስቅልኝ ደስ ሳይለኝ ሲቀር የመጀመሪያዬ ነው። ቃልሽን ይዤ ገደል የገባሁ መሰለኝ።

እትዬ ካውያ ብቻ አልሳቁም። «እህትህ ልትሄድ ስትል ምን እንዳለችኝ ታውቃለህ?» አሉ። «‹ይቀልዳል እንጂ አይዋሽም› ነው ያለችኝ። ና፣ አሳየኝ።»

ወጥተው አዩት። ባትሪውን በሁለት እጃቸው ያዙና ነቀነቁት፤ ፍንክች አላለም። ከዚያ መተኮሻ ክፍሉ ጥግ ያለውን ሶኬት አሳዩኝ፤ «እዚህ ሰካ። አንተ ስትሠራ እሱ ይሞላል። ሰባቱን ደቂቃ ከምሳህ ትመልሳለህ» አሉ። አሥር አድርጌ መለስኩ። ትናንትና ዛሬማ በር ላይ ቆሜ የጠበቅኳቸው እኔ ነኝ። «አረፈዱ» አልኳቸው። ጥርሳቸውን አየሁ እልሻለሁ! እና ስለ ሥራው አትስጊ፤ ወሩ ሲያልቅ ቋሚ ነኝ።

እንግዲህ ሌላው ወሬ፣ ፀጉር መሥራት ተምሬአለሁ። ጠዋት ጠዋት የእማዬን ፀጉር አበጥሬ፣ ጎንጉኜላት ነው የምወጣው። የማረፍደውም በዚሁ ነበር እንጂ አውቶቡሱ ብቻውን አልነበረም። የግራው ጉንጉን ከቀኙ ይወፍራል፤ «ዓይንህ ተንጋድዷል» ትለኛለች። ከአንቺ ግን እሻላለሁ፤ አንቺ ትጎትቺያት ነበር።

እሷም መርቃሻለች፤ አጠገቤ ተቀምጣ እሷ ስትል እኔ ነኝ የጻፍኩት፦ «እጅሽን ይባርከው፣ ከክፉ ዓይን ይሰውርሽ፣ ባለሽበት ሞገስ ይስጥሽ፣ በሰላም ያገናኘን።» ድሮ ምርቃቷን በራሷ እጅ ከታች ትጽፍልሽ እንደነበር አውቃለሁ። «ደህና ናት» ብዬ ሦስቴ ጀምሬ ሦስቴ ሰረዝኩት፤ ስርዙ ይታይሻል። እሷ እንዳልነግርሽ አስምላኛለች፤ አንቺ ደግሞ አይዋሽም ብለሽ ዋስ ሆነሽብኛል። እንግዲህ በሁለታችሁ መሃል ምን ልጻፍ?

ደውዪላት። ጠዋት ይሁን፤ ፀጉሯን ስሠራ ስልኩን እኔ ጆሮዋ ላይ እይዝላታለሁ።

ወንድምሽ
ሽቦ